ከባና ሻጩ እስከ ሴልሱ

የመንዝ ትዝታ ሲነሣ ፊት የሚመጡት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ርስቱን ጠብቆ የሚያርሰው ባላገር፣ ጠመንጃ ያነገተው አርበኛ፣ ዳዊት የሚደግመው ካህን፣ በዳኛ ፊት በልሃ ልበልሃ እያለ የሚሟገተው ነገር ዐዋቂ። ላሎ ይሁን ማማ፣ ጌራ ይሁን ግሼ፣ ሽማግሌ ልጁን ሲመክር ከእነዚህ አንዱን ይጠቅሳል። ባና ተሸክሞ ገበያ የሚወርደውን ጎልማሳ ግን ማንም አርአያ ብሎ ሲያነሣው አይሰማም። ሰውየው ስላልነበረ አይደለም፤ ነበረ፣ ያውም በየሳምንቱ። የዘለለው ትዝታችን ነው። ዛሬ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላይ «ሴልስ ነኝ» የሚል ወጣት ሲገጥመን፣ ከአያቶቹ ሙያ የራቀ፣ ከተማ የወለደው እንግዳ አድርገን የምናየውም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። እኔ የምለው ሌላ ነው። መሸጥ በእነዚህ ደጋዎች ኑሮን ያቆመ የቆየ ሙያ ነው፤ የዛሬውን ሻጭ ከቤቱ ያስወጣው ነገርም አያቱን ካስወጣው ብዙ አይርቅም።

ማስረጃው ከመሬቱ ይጀምራል። የመንዝ አምባ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ገብስ ይበቅላል፣ ባቄላ ይበቅላል፣ በግ ይረባል። ጥጥና በርበሬ አይታሰቡም፤ ማሽላም ቁልቁል የሚወርዱለት ነገር ነው። በምዕራብ በኩል የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች መርሐቤቴን አቅፈው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ ደግሞ ገደሉ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ሜዳ ይጣላል። እንግዲህ ለወጡ የሚያስፈልገው በርበሬ፣ ለጋቢው የሚፈተለው ጥጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨው፣ አንዱም ከአምባው ላይ የለም። ከማንም ሳይፈልግ ራሱን ችሎ የሚያድር ደገኛ ገበሬ የሚባለው ሰው በምናባችን ያለ ነው፤ ጨው የቀመሰ ሁሉ ገበያተኛ ነበር። በልግ በከዳበት ወይም ውርጭ ገብሱን በመታበት ዓመት ደግሞ ነገሩ ከጨውም ያልፋል። ጭራው ወፍራም፣ ጸጉሩ ሸካራ፣ ቁመቱ አጭር የሆነው የመንዝ በግ ወደ ገበያ ይነዳል፤ በገንዘቡ እህል ይገዛል። ያን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ክረምቱን መሻገር አለመሻገሩ በሬው በጠመደው ልክ ብቻ ሳይሆን በጉን የሸጠው ሰው በተከራከረው ዋጋም ይወሰናል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው አንደበት ላይ የተንጠለጠለበት ሙያ እንዴት ከትዝታ እንደሚወድቅ ይገርማል።

የሙያው መልክ ጎልቶ የሚታየው ግን በባናው ነው። የመንዝ ሴቶች የበግ ጸጉር በእንዝርት ሲፈትሉ ኖረዋል፤ ሸማኔው ያንን ክር ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ አድርጎ ያወጣዋል። ባናው ለመኝታ ነው፤ ጥቁሩ በርኖስ ለብርድም ለማዕረግም ይደረባል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው የተረሳው። ደጋ ላይ ባና የሌለው ቤት የለም፤ ቆላ ላይ ደግሞ የሚፈልገው የለም። ገዢው ከሁለቱ መካከል፣ በወይና ደጋውና በከተማው ነው ያለው። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን ይዞ መንገድ መሄድ አለበት፤ ብርዱ ከመግባቱ በፊት መድረስ አለበት፤ የክሩን ጥብቀት የማያውቅ ሰው ፊት ቆሞ ጥብቀቱን ማስረዳት አለበት። ገንዘብ የሌለውን ገዢ እስከ አዝመራ በዱቤ ይለቀዋል፤ ለማን እንደሚለቅ፣ ለማን እንደማይለቅ ማወቁ ዋናው ጥበብ ነው። ትርፉ የሚገኘው ከዋጋው ይልቅ ከዚህ ምርጫ ነው ብል አላጋንንም። ያ ገንዘብ ከሴት እጅ የወጣ ድካም መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ የሻጩ ቀዳሚ አለቆች እናቱና ሚስቱ ነበሩ፤ በአነስተኛ ዋጋ ጥሎት ቢመጣ ማታ መልስ የሚሰጠው ለእነርሱ ነው።

በልሃ ልበልሃ ያልሁት በአጋጣሚ አይደለም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ባጠናውና እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የሚታየው ባላገር ለመሬቱና ለክብሩ የሚሟገት፣ በንግግር የሚራቀቅ ሰው ነው። ያ አንደበት ግን ለችሎት ብቻ የተሠራ አይመስለኝም። ተሟጋች ምን ያደርጋል? የባላጋራውን ሐሳብ አስቀድሞ ይገምታል፣ ምስክር ይጠራል፣ ዋስ ያቀርባል፣ መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል። ሻጭም ሌላ አያደርግም። አንድ ጎበዝ ማክሰኞ በዳኛ ፊት ሲረታ «ነገር ዐዋቂ» ተባለ፤ ቅዳሜ በዚያው አንደበት አንድ ባና በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ማንም ስም አላወጣለትም። ልዩነቱ ከችሎታው አይመጣም፤ ክብርን ለማን እንደምናድል ከወሰንንበት ልማድ ነው የሚመጣው።

ልማዱ ደግሞ ከነገሥታቱ ሥራ ጋር እንኳ አይገጥምም። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዝ ከተነሣው ከነጋሲ ክርስቶስ ይመዘዛል፤ መንዜው ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል። ይኸው ቤት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ኃይሉን ካጠናከረባቸው ነገሮች አንዱ ግን ገበያ ነበር። ከአንኮበር ግርጌ ያለው አልዩ አምባ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ከደጋው እህልና ከብት ጋር የሚገናኝበት በር ነበር፤ በ1834 ዓ.ም. አልዩ አምባ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተንና ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ስለዚህ ገበያ ጽፈዋል። ሣህለ ሥላሴም ኅዳር 1834 ዓ.ም. ከሃሪስ ጋር፣ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር የተዋዋሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። ንጉሡ የንግድን ዋጋ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ሙያውን ቅዱስ ለማድረግ አልሞክርም፤ ከአልዩ አምባ አጠገብ በነበረው አብዱል ረሱል የሚሸጠው ሰው ነበር። የንግድ ትዝታ ይመለስ ሲባል ይህም አብሮ ይመለሳል። የጦርነት ትዝታም እንዲሁ ንጹሕ አይደለም፤ እርሱን ግን አልረሳነውም።

ታዲያ ሻጩ ለምን ተረሳ? አንደኛው ምክንያት ሥራ በእምነት መከፈሉ ነው። ረጅሙን መንገድ የሚሄደው፣ ቅፍለት የሚያስከትለው ሲራራ ነጋዴ በብዛት ሙስሊም ነበር፤ በይፋት በኩል አርጎባው የታወቀ ነጋዴ ነው። ክርስቲያኑ ደገኛ ከእርሱ ጋር እየተገበያየ ሙያውን ግን የሌላ ሰው አድርጎ ቆጠረው፤ የራሱን ባና ይዞ ሲወርድ እንኳ «ነጋዴ ነኝ» አላለም። ሁለተኛው በእጁ የሚሠራውንና የሚነግደውን መናቅ ነው፤ ነገሩ ይህን ያህል ስለከፋ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሁሉ እንዲታረም ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም። ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን እህል በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው እህል የሚያሻግር ሰው አሻጥረኛ ተባለ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ኮታው ሲነሣ ስሙ በሰው አእምሮ ቀርቶ ነበር። ዛሬ አንድ አባት ልጁ ዲግሪ ይዞ ሲም ካርድ ሲሸጥ አይቶ የሚያፍረው በሦስቱም ጫና ነው፤ ምክንያቱን ራሱም ላያውቀው ይችላል።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንምጣ። የወጣበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ፈልጎ» ይባላል፤ መልሱ ጎደሎ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን አያቱ ወይም አባቱ ድርሻ አገኙ፤ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ አንዳንዱ ደርሶት፣ አንዳንዱ ተቀንሶበት አለፈ። ከዚያ በኋላ ለተወለደው የሚደርስ አዲስ መሬት የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ከወላጅ ማሳ ላይ የሚቆረስ ቁራሽ ነው። መሬት በዚህ አገር እህል ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚያሰኝ፣ ሚስት የሚያስድር፣ በሸንጎ ቃል የሚያሰጥ ነገር ነበር። እርሱን ያጣ ወጣት ያጣው ይህን ሁሉ ነው። ሽያጭ ላይ የሚያገኘው ምንድን ነው? የራሱ ድርሻ የሚመስል ነገር። ደንበኞቼ ይላል፤ አካባቢዬ ይላል፤ ሌላ ሻጭ ወደዚያ ቢገባ ድንበር እንደተገፋበት ሰው ይቆጣል። ኮሚሽኑ ዝቅተኛ በሆነበት ወር እንኳ ሙያውን የማይለቀው ለዚህ ይመስለኛል። ርስቱ ከአፈር ወደ ሰው ስም ዝርዝር ተዛወረ እንጂ የርስት ፍቅሩ አልሞተም።

ውሎውን ማየትም ይበጃል። ደብረ ብርሃን ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የሐበሻ ቢራና የዳሽን ቢራ ጠመቃ ከተማ ሆናለች፤ ከእነዚህ ዕቃ የሚረከብ አከፋፋይ የሚልከው ልጅ ማለዳ ከመኪናው ጋር ወጥቶ በየግሮሰሪው ሳጥን ይቆጥራል፣ ባዶ ጠርሙስ ይረከባል፣ ያለፈውን ዱቤ ይጠይቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ሳፋሪኮም ከገባ በኋላ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ቲሸርት ለብሶ መንገድ ዳር የሚቆም ወጣት በየከተማው በዛ። አዲስ አበባ የወረደው ደግሞ የመድን ወይም የሪል እስቴት ሻጭ ሆኖ፣ የሚሸጠውን ዓይነት ቤት ራሱ ሳይኖርበት የቤቱን ውበት ሲያስረዳ ይውላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ሲጠና፣ መንገድ ሲዘጋና የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ መጀመሪያ ገቢው የተመታው ይኸው በየቀኑ እየተንቀሳቀሰ የሚበላ ሰው ነው። ደመወዝተኛ ቢሮው ቢዘጋ ወር ጠብቆ ሊከፈለው ይችላል፤ ኮሚሽን ግን ካልሸጡ የለም። ከሥራ ውጭ ያለው ሕይወቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ ያያል፤ ኳሱን ስለሚወድ ነው፣ ማክሰኞ ከግሮሰሪ ባለቤት ጋር ወሬ የሚከፍትበት ስለሆነም ነው። እቁብ ይጥላል፤ አንድ ቀን የራሱን ሱቅ ሊከፍት። የማነቃቂያ መጽሐፍ ያነባል፤ ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የተገለበጡ ናቸው፣ እኔ ብዙም አላከብራቸውም፤ ያም ሆኖ በየቀኑ እምቢ ሲባል ለሚውል ሰው አንድ የሚያጽናና ቃል መፈለጉን አልነቅፍም። ሰንበት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ የጽዋ ማኅበሩንም አይተውም፤ ስም የሚጠበቀው እዚያ መሆኑን ያውቃል።

የሚነሣው የመጀመሪያው መቃወሚያ ከባድ ነው። ባና ሻጩ የራሱን ዕቃ ነበር የሚሸጠው፤ የዛሬው ግን የሌላውን ዕቃ በሌላው ዋጋ የሚሸጥ ቅጥረኛ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ማታለል አይሆንም ወይ? እውነት አለው። በወር ይህን ያህል ካልሸጥህ ተብሎ የሚሰጠው ታርጌት ከመንዝ አልበቀለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚሸጠው የጆን ፓተርሰን ኩባንያ ለሻጮቹ ኮታ እየሰጠ፣ የሚናገሩትን ቃል በቃል እያስጠና ነበር። ሲንጀር ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናውን ገና በ1850ዎቹ በየወሩ ክፍያ መሸጥ ጀምሮ፣ ቆይቶ ስሙ በእኛ ልብስ ሰፊ ሁሉ አፍ የገባ ሆነ። እነዚህ ሻጩን ከባለ ዕቃነት ወደ አፍነት አወረዱት ማለት ይቻላል። ነገር ግን የጥንቱን ባለ ዕቃነትም አናግንነው። ባናው የቤተሰቡ ነበር፣ የሻጩ ብቻ አልነበረም፤ የሚሸጥበትን ዋጋ በቤት የተነገረው፣ ከዚያ በታች ቢያወርድ ወቀሳ የሚጠብቀው ሰው ታርጌትን ጨርሶ አያውቅም ልንለው አንችልም። የተለወጠው ወቃሹ ነው፤ እናት የነበረችበት ቦታ ላይ ሱፐርቫይዘር መጣ። ሱፐርቫይዘር እንደ እናት አያዝንም፣ ይህን አምናለሁ።

ሁለተኛው መቃወሚያ የባሕርይ ነው፤ ሻጭ አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ ነው ይባላል። ብዙ ተበድለን ነው እንዲህ የምንለው፤ ከአየር ላይ የሸጠ አለ፣ ዕቃ ቀይሮ የሰጠ አለ። ይሁንና ማጭበርበሩ ከመሸጥ ይመጣል ወይስ ከሌላ? ሳምንታዊውን ገበያ እናስብ። በዚህ ሳምንት የሰለለ ክር ጥብቅ ነው ብሎ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ሜዳ ይቆማል፤ ገዢው ባናውን ይዞ ይመጣል፤ ዙሪያው ሁሉ ዘመድና ጎረቤት ነው። ሐሰት ለመናገር የሚያስከፍለው ዋጋ ከትርፉ ይበልጣል። የሪል እስቴት ሻጩ ግን ያንኑ ሰው ዳግመኛ ላያገኘው ይችላል፤ ቤቱ ቢዘገይ የሚጠየቀው ኩባንያው ነው፤ እርሱ በዚያን ጊዜ ሌላ ኩባንያ ገብቷል። በዚህ መካከል በየግሮሰሪው ቢራ የሚያዳርሰው ልጅ አለ፤ በየሳምንቱ ይመለሳል፤ ታማኝ ሆኖ ባይወለድ እንኳ እንደ ባና ሻጩ ሥራው ታማኝ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚለየው መመለስና አለመመለስ ነው። ለዚህም ነው ወጣቱ ለገዢው «አባቴ»፣ «እትዬ»፣ «ጋሼ» እያለ የሚጠራበት ልማድ ሁለት መልክ ያለው። ለሚመለስበት ሰው ሲለው የዝምድና ቃል ኪዳን ነው፤ ዳግመኛ ለማያየው ሲለው ማባበያ ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው፤ «ሁሉ ሻጭ ከሆነ ማን ያርሳል?» የሚለውን። የሚታረስ መሬት ያጣን ልጅ አርስ ማለት ምክር አይደለም። ሌላው ቢቀር ደብረ ብርሃን ላይ የብቅል ፋብሪካ ገብስ በሚፈልግበት፣ የመንዝ በግ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ወደ አዲስ አበባ በሚነዳበት ጊዜ የገበሬው ድካም ዋጋ የሚያገኘው በሚደራደርለት ሰው ነው። በአሁኑ አኳኋን በገበሬውና በከተማው ገዢ መካከል የሚገባው ደላላ ከበጉ ላይ የሚያነሣው ድርሻ የሚበዛው፣ ገበሬው የራሱ ወገን የሆነ ሻጭ ስለሌለው ነው።

እዚህ ላይ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ማስታወስ ግድ ይሆናል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ድካሙ ለሌላ እንደሚሄድ አስረድተዋል፤ ራሳቸው የጉምሩክ ሹም ስለነበሩ የሚወጣውንና የሚገባውን ያውቁታል። የመንዝን ነገር በዚያ ዓይን ብናየው የዛሬው ወጣት ችሎታ ወዴት እንደፈሰሰ ይታያል። ቢራው፣ ሲም ካርዱ፣ መድኑ ሻጭ አላቸው፤ የሚሸጡበት መንገድ ተጠንቷል፤ ኮሚሽኑ ተቆርጧል፤ ስልጠና አለ፤ ለበለጠ ሻጭ ሽልማት አለ። ባናው ይህ ሁሉ የለውም። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ አሉ፤ የበግ ጸጉሩ አለ፤ ገሳና ገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንኳ ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ ነበር፤ የመሸጫው ሥርዓት ግን ማንም አልጠበቀውም። በየከተማው ሱቅ የሚደረደረው ከውጭ የመጣ ለስላሳ ብርድ ልብስ ነው፤ እርሱን ከጅምላ አምጥቶ በየቤቱ የሚያዳርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባና ሠሪ ልጅ ነው። ልጁን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ የሚከፍለውን ነው የሸጠው። መጠየቅ ያለበት፣ ለባናው በአንዱ ቁራጭ ላይ ይህን ያህል ኮሚሽን ቆርጦ፣ ጥራቱን መዝኖ፣ ዋስትና ሰጥቶ ይህንኑ ልጅ የሚቀጥር የሸማኔ ማኅበር ወይም ዩኒየን እስካሁን ለምን በመሐል ሜዳ ጠንክሮ እንዳልቆመ ነው።